ሊኑክስ ሚንት በአሮጌ ላፕቶፕ፦ ከመጫኑ በኋላ ያለው ነገር

ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነጻ ሲስተም ከ21.3 እትም ጀምሮ የዕለት ሥራዬን እሠራበታለሁ። ሥራዬ ትርጉምና ጽሕፈት ነው። ቀኑን ሙሉ አማርኛ እጽፋለሁ፣ ፒዲኤፍ አነባለሁ፣ ኢሜይል እልካለሁ። በዚህ መሃል ከ21.3 ወደ 22፣ ከዚያ ወደ 22.1፣ ከዚያም ወደ 22.2 አሻሽዬዋለሁ። ስለ ሊኑክስ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሰው በጫነ በሳምንቱ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር አዲስና ፈጣን ነው። እኔ መናገር የፈለግሁት ከዚያ ወዲያ ስላለው ነው፤ በተለይ ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛና መብራት ሳይታሰብ ለሚሄድበት የአዲስ አበባ ሰው።

ላፕቶፑ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሬዋለሁ። ዊንዶውስ 11 እንዲህ ያለውን ማሽን አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ይሁን ይላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ እኔ ሚንትን ስጭን ይህ ቀን አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) እየሠራ ያለ ላፕቶፕ ለመጣል አቅሙም ፍላጎቱም አልነበረኝም።

ሚንት ከ2006 ጀምሮ አለ። የሚሠራው ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ሲስተም መሠረት አድርጎ ነው፤ መሪው ክሌማን ለፌቭር የተባለ ሰው ነው። በሦስት መልክ ይቀርባል፦ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይጠይቃል፤ ለምቾት 4 ይመከራል። እኔ ቀላሉን ኤክስኤፍሲኢ መረጥኩ። መልኩ ያረጀ ይመስላል፤ ግን ብራውዘር ሲከፈት ራሙ ለብራውዘሩ ይተርፋል። 4 ጊጋ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

የሚወርደው ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። ስለዚህ ሌሊት፣ ዳታ በሚረክስበት ሰዓት አውርዱት። አውርዳችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ፋይሉ ትክክለኛው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትጫኑት። ገጹ ላይ አብሮ የተቀመጠ ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት አለ፤ ከወረደው ፋይል ከሚወጣው ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በፌብሩዋሪ 2016 ግን የሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ ነበር። ሰርጎ ገቦቹ የማውረጃውን ሊንክ ቀይረው የኋላ በር የተገጠመለት ፋይል ለሰው አደሉ። ሰንሰለቱን ከታመነ ምንጭ ጋር ያስተያየ ሰው ፋይሉ የተነካካ መሆኑን ያውቅ ነበር። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነውና አትዝለሉት።

ፋይሉን ማስነሻ አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ ከጻፋችሁት በኋላ ሳይጫን መሞከር ይቻላል። ላፕቶፑ ከፍላሹ ይነሳል፣ ዲስካችሁ አይነካም። ይህን ጊዜ በደንብ ተጠቀሙበት። ድምፅ ይወጣል? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል? ዋይፋይ ያያል? የእኔው ዋይፋይ አላየም። አምራቹ የሚያቀርበው ዝግ ድራይቨር (ሲስተሙ ዋይፋዩን እንዲያዝ የሚያስችል፣ ኮዱ ያልተከፈተ ፕሮግራም) ያስፈልገው ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና የዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማጋራት) ክፈቱ። ያለ ምንም ድራይቨር ኢንተርኔት ይገባል። ከዚያ ድራይቨር ማናጀር የሚባለው የሚንት ፕሮግራም የጎደለውን ራሱ ያገኘዋል። መጫኑ ራሱ ብዙ የሚያወራ ነገር የለውም፤ ቋንቋ፣ ሰዓት፣ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ አለቀ። አንድ ቦታ ብቻ ረጋ በሉ፦ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ይጥረግ ወይስ ከዊንዶውስ ጎን ይቀመጥ ብሎ የሚጠይቅበት ላይ። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ፎቶና ሰነዳችሁ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው የሰዓት ጉዳይ አለ። ሚንት የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአገሩ ሰዓት። እኛ ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ስለምንቀድም፣ ከሚንት ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ባትሪው ሞቶ አይደለም። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ በአንድ ትእዛዝ ሚንትም የአገሩን ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አላስቸገረኝም።

አሁን ወደ አማርኛው። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። ዊንዶውስ ላይ ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ የለመደ እጅ ሚንት ላይ ምን ይሆናል? መልሱ፦ መጀመሪያ ይደናገራል፣ ከዚያ ይለምዳል። አይባስ የሚባለውን የጽሕፈት ስልት ከነአማርኛ ጥቅሉ መጫን ያስፈልጋል፤ ሳትጭኑት አይመጣም። ከዚያ በድምፅ ትጽፋላችሁ። ኤስና ኢ ስትነኩ ሰ፣ ኤልና ኤ ስትነኩ ላ፣ ኤም ብቻዋን ም፤ ሰላም ወጣ። ጠ ስትፈልጉ ሺፍት ይዛችሁ ቲን፣ ጨ ስትፈልጉ ሺፍት ይዛችሁ ሲን። ፊደሉ እስኪጠናቀቅ ከስሩ መስመር ይታያል፤ መጀመሪያ ላይ ዓይን ይረብሻል። እጄ እስኪላመድ በዝግታ ነበር የምጽፈው፤ አሁን ከድሮው ፍጥነቴ አላንስም። የሚጻፈው በሙሉ ዩኒኮድ (መሣሪያዎች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ስለሆነ ቴሌግራም ላይ ብትለጥፉት፣ ስልክ ላይ ብትከፍቱት ያው ነው።

ችግሩ ፎንቱ ላይ ነው። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ብዙ የአማርኛ ሰነድ በኒያላ ፎንት ነው፤ ኒያላ ደግሞ ከሚንት ጋር አይመጣም። ሚንት ላይ የምጽፍበት ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ በሌላ ይተካዋል፣ የፊደሉ ስፋት ይለያያል፣ ገጹ ይንሸራተታል። አንድ ደብዳቤ ላይ የፊርማው ቦታ ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወርዶ አይቻለሁ። እኔ የጻፍኩትም ሰፈር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሲከፈት በተራው ይበታተናል። ልጁ አንዴ አየት አደረገና፣ «ወንድሜ፣ ፒዲኤፍ የለህም?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለኅትመት የሚሄድ ነገር በፒዲኤፍ ብቻ ነው የሚወጣው። ሊብሬኦፊስ ላይ አንድ ቁልፍ ነው። እርማት የሚጠብቅ ሰነድ ከሆነ ግን፣ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ፎንት ጻፉትና ለሚቀበላችሁ ሰው ፎንቱን አብራችሁ ላኩለት፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ዩኒኮድ ሳይመጣ በፊት በድሮ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ካሏችሁ ደግሞ፣ ወደ ዩኒኮድ የመቀየሩን ሥራ ዊንዶውስ እያላችሁ ጨርሱት።

ስለ ፎቶ ኮፒ ቤት ካነሳሁ ፍላሹን ልናገር። እዚያ ደርሶ የሚመለስ ፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ዊንዶውስ ላይ ፋይሎቻችሁ ጠፍተው በቦታቸው ሾርትከት ብቻ ተደርድሮ ይታያል። ያንኑ ፍላሽ ሚንት ላይ ስሰካው፣ ሾርትከቶቹ የማይነሱ ትንንሽ ፋይሎች ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከእነሱ አጠገብ ስሙ ባዶ የሆነ አንድ ፎልደር ነበር። ስከፍተው ሰነዶቼ በሙሉ እዚያ አሉ። ቫይረሱ ደብቆ ያስቀመጠበት ነው፤ ሚንት ያንን የዊንዶውስ መደበቂያ ምልክት ስለማይከተል ፎልደሩ በግልጽ ይታያል። ፋይሎቹን አወጣሁ፣ ሾርትከቶቹን ሰረዝኩ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። እኛን አላመመንም ማለት ግን ለሌላው አናስተላልፍም ማለት አይደለም፤ ፍላሹን ሳታጸዱ ለጓደኛ አትስጡ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት አፕዴቱን ነው። ታች ጥግ ላይ ጋሻ የሚመስል ምልክት አለ፤ የአፕዴት ማናጀር ምልክት ነው። አዲስ ነገር ሲኖር ምልክቱ ይነግራችኋል፤ ከዚያ በኋላ እናንተ እስክታዙት ይጠብቃል። ስትከፍቱት እያንዳንዱ አፕዴት ስንት ሜጋ እንደሆነ፣ የትኛው የደህንነት እንደሆነ ተጽፎ ይታያል። የፓኬጄን ቀሪ አይቼ የደህንነቶቹን ዛሬ፣ ትልልቆቹን ሌሊት ብዬ እከፋፍላለሁ። ስብሰባ ላይ ሆኜ ከስልኬ ዳታ ስወስድ ከኋላዬ ጊጋ የሚበላ ነገር የለም። ላፕቶፑን ስዘጋም ጠብቅ አይለኝም። ያልተገደበ ኢንተርኔት ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ሲስተሙ ላይ እምነት ያሳደረብኝ ከምንም በላይ ይህ ነው። የሚያወርድበትን አገልጋይም መቀየር ይቻላል፤ የሶፍትዌር ምንጮች የሚለው ውስጥ የየአገሩ ዝርዝር ከነፍጥነቱ ይቀርባል፣ ለእናንተ የፈጠነውን መምረጥ ነው።

ትልቁ ፈተና ከ21.3 ወደ 22 መሻገሩ ነበር። 22 በጁላይ 2024 ወጣ፤ መሠረቱ ኡቡንቱ 24.04 ነው። ይህ ተራ አፕዴት አይደለም፤ ሲስተሙ ከሥሩ ይቀየራል። ከርነሉ (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት) ከ5.15 ወደ 6.8 ይሄዳል፣ ድምፁን የሚያስተናግደው ክፍል በፓይፕዋየር ይተካል። እንደወጣ አልቸኮልኩም። ጥቂት ወራት አሳለፍኩ፣ የያዝኩት ሥራም እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ለአዲስ ተጠቃሚ ይህንኑ እመክራለሁ፤ 21ኛው ትውልድ እስከ 2027 ድጋፍ ስላለው የሚያጣድፍ ነገር የለም።

ከመነሳታችሁ በፊት ታይምሺፍት። ይህ ፕሮግራም የሲስተሙን ቅጂ ይይዝላችኋል፤ ማሻሻሉ ከተበላሸ ላፕቶፑን በፍላሹ አስነስታችሁ ወደ ትናንቱ ትመልሱታላችሁ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ካልነካካችሁት በቀር የግል ፋይሎቻችሁን አይዝም፤ እነሱን ለብቻ ገልብጡ። ሁለተኛ፣ ቅጂውን ውጫዊ ዲስክ ላይ ለማስቀመጥ ዲስኩ በሊኑክስ ፎርማት መሆን አለበት፤ ፊልም የምታመላልሱበት ተራ ፍላሽ አይሆንም። የመጀመሪያው ቅጂ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ቀጣዮቹ የተለወጠውን ብቻ ስለሚጨምሩ ቀላል ናቸው።

ማሻሻያውን የሚሠራው ለብቻው የሚጫን መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ማሽኑን ይመረምራል፣ የታይምሺፍት ቅጂ መኖሩንም ይጠይቃል። ከውጭ የጨመርኳቸውን የሶፍትዌር ምንጮች አጠፋቸው፤ በኋላ አንድ በአንድ መልሼ አስገባኋቸው። ከዚያ ማውረድ ጀመረ። በመሃል መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቆየ፣ ራውተሩ ግን ጠፋ፣ መሣሪያውም ስህተት ብሎ ቆመ። ደነገጥኩ። መብራት ሲመጣ እንደገና ሳስጀምረው ግን የወረደውን አልደገመም፤ ከቀረው ቀጠለ። ለመጫን የሚነሳውም ሁሉንም አውርዶ ከጨረሰ በኋላ ነው። አደገኛው ክፍል ይህ ቀጣዩ ነው፤ የድሮውን እያነሳ አዲሱን የሚተካበት። ባትሪያችሁ የሞተ ከሆነ እዚህ ላይ ያለ ዩፒኤስ አትግቡ።

ተጠናቆ ሲነሳ ዴስክቶፑ፣ አማርኛው፣ የብራውዘሬ ዕልባቶች እንዳሉ ነበሩ። ዋይፋዩ ግን የለም። ዝግ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መሠራት ነበረበት። ያው የስልክ ገመድ፣ ያው ድራይቨር ማናጀር፣ አንዴ አጥፍቶ ማብራት፤ ተመለሰ። አዲሱ ከርነል ጨርሶ ቢያስቸግራችሁ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ ከሚመጣው ምርጫ ውስጥ ዲስኩ ላይ ካሉት የቀደሙ ከርነሎች በአንዱ መግባት ይቻላል። ከ22 ወደ 22.1 እና 22.2 የነበረው ከዚህ ጋር አይወዳደርም። አፕዴት ማናጀር ውስጥ ካለው ምናሌ ትመርጣላችሁ፣ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል።

የማይሆነውንም ልንገራችሁ። ፒችትሪ ላይ የሚሠራ የሒሳብ ሰው ሚንትን ብቻውን ይዞ መቀመጥ አይችልም። ፎቶሾፕም እንዲሁ። እኔም ከደንበኛ የሚመጣ ማክሮ ያለው የኤክሴል ፋይል ስላለ ዊንዶውስን ጥግ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ይህንን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ነገር ግን ከመጫናችሁ በፊት የየዕለት ፕሮግራሞቻችሁን ዝርዝር ወረቀት ላይ ጻፉና አንድ በአንድ አጣሩ። ለሥራችሁ የግድ የሚያስፈልግና ሚንት ላይ የማይሠራ ነገር አንድም ቢሆን እዚያ ውስጥ ካለ ከዊንዶውስ ጎን ለጎን ጫኑት።

የቅሬታዬ ቅሬታ አማርኛው ላይ ነው። ሲጫን አማርኛን መምረጥ ይቻላል፤ ግን ምናሌው ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በእንግሊዝኛ ሆኖ ይመጣል። የጽሕፈት ስልቱም ከመጀመሪያው አብሮ መግባት ነበረበት። እናቴ ይህን ላፕቶፕ ብትከፍተው አይባስን ፈልጋ አትጭንም። ትርጉሙ የሚሠራው ላውንችፓድ በሚባለው መድረክ ላይ በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ አካውንት ከፍቶ መግባት ለማንም ክፍት ነው። እኔ በአፕዴት ማናጀሩ ጀምሬአለሁ፤ ሰው በብዛት የሚያየውና ተረድቶ ሊጫነው የሚገባው እሱ ስለሆነ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ታይምሺፍትን አስቤአለሁ። የምታግዙኝ ካላችሁ ሌሎቹን ክፍሎች ተከፋፈሏቸው።