የፊት መስታወታችሁን «በፖሊሽ አዲስ እናደርገዋለን» ለሚሏችሁ ገንዘብ አትስጡ

ወገን፣ እኔ የተበላሁትን እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

የመኪናዬ የፊት መስታወት ለዓመታት አሸዋና ጠጠር ሲደበድበው ኖሮ በጥቃቅን ነጥቦች ተበሳስቷል። ቀን ላይ ብዙም አይታወቅም። ማታ ግን ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት እያንዳንዷ ነጥብ ብርሃኑን ትበትነውና መንገዱ ይጠፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ እሷ አቅጣጫ መንዳትማ ተዉት።

አንድ ቤት ወሰድኩት። ሠራተኛው በጣቱ ዳሰስ አደረገና «ይሄማ በፖሊሽ ይጠፋል፣ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው» አለኝ። ለኪሴ የሚያስብ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። በማሽን ሲፈትጉት ቆይተው መጨረሻ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ቀቡትና በጠራራ ፀሐይ አስረከቡኝ። ጥርት ብሎ ነበር። ሲመሽ ነጥቦቹ እንዳሉ ናቸው፤ ያ ሳያንስ በሾፌሩ በኩል፣ እነሱ አብዝተው የፈተጉት ቦታ ላይ፣ የመንገዱ መስመር መወላገድ ጀመረ። ስመለስ ምን አሉኝ? «እኛ እኮ ይሻሻላል ነው ያልነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመስታወት የሚሆነው ፖሊሽ ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። የዝናብ መጥረጊያ የጫረውን፣ ጥፍር የማይዘውን ስስ ጭረት ያጠፋል። እነዚያ ነጥቦች ግን ጉድጓድ ናቸው፤ ጉድጓድ የጎደለ መስታወት ነው፣ ፖሊሽ ደግሞ አይሞላም፣ ይፍቃል እንጂ። እሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ያለውን ሁሉ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ መፋቅ ሊኖርባችሁ ነው፤ አንድ ቦታ ሲሳሳ ደግሞ እንደ ሌንስ ሆኖ ምስል ያጣምማል። ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ መሙላትም ድንጋይ ለመታው ለአንድ ለሁለት ቦታ ነው፣ ለመቶ ነጥብ አይደለም።

መጀመሪያ ግን ቆሻሻ አለመሆኑን አረጋግጡ። ውጩን በኮምጣጤ ጥረጉት፣ ውስጡንም አትርሱት፣ እዚያ የሚጋገረው ቅባት ማታ ያው እንደ ጉድጓድ ነው የሚያስቸግረው። የመጥረጊያው ጎማ ካለቀ ቀይሩ። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ከጎን ባትሪ አብሩበት። ነጥቦቹ እንደ ኮከብ ካበሩ አከተመ፣ የሚቀየር ነው።

መቀየሩም የራሱ ጣጣ አለው። ሲሊኮን ይዞ የሚመጣ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሚለጠፈው ለዚሁ በተሠራ የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ነው፤ ምክንያቱም የተሳፋሪው ኤርባግ በብዙ መኪና ላይ ሲፈነዳ የሚደገፈው በዚሁ መስታወት ነው፣ መኪና ሲገለበጥም ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ያግዛል። ከስንት ሰዓት በኋላ መንዳት እንደሚቻል ጠይቁ። እንደ ማጣበቂያው ዓይነት 1 ሰዓት የሚበቃው አለ፣ እስከ 24 ሰዓት የሚፈልግም አለ። «አሁኑኑ ንዳው» የሚል ሰው ስለ ሥራው አያውቅም ወይም ስለ እናንተ ግድ የለውም። አሮጌው ሲነሳ ጠርዙ ላይ ዝገት ካለ ሳይታከም አዲሱ እንዳይለጠፍበት ቆማችሁ እዩ። ከመስታወቱ ጀርባ ካሜራ ያለው መኪና ከሆነም ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፤ ዋጋው ውስጥ መካተቱን አስቀድማችሁ አስጽፉ፣ በኋላ «እሱ ለብቻ ነው» እንዳይሏችሁ።

ፖሊሽ ብቻ ነው የማሠራው የሚል ካለ ደግሞ ማታ ነድቶ ሳያየው ሂሳቡን አይዝጋ። እምቢ ካሉት ሌላ ቤት ይሂድ።