«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ከተባላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍታችሁ እዩ

ይህን የምጽፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው በአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለሚሠሩ፣ በተለይም እንደ እኔ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ ለሚተዳደሩ ሰዎች ነው። 4,500 ብር የከፈልኩበት ጥገና ከነጭራሹ ያልተሠራ መሆኑን የተረዳሁት ገንዘቡ ከእጄ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ የሆነውን በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ኮምፒውተሬ ከዐሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ዴል ነው። በክረምቱ መብራት ደጋግሞ እየጠፋ ከመጣበት ሰሞን ጀምሮ፣ ስከፍተው የአምራቹ ምልክት ላይ ይደርስና እዚያው ይደርቅ ነበር፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ኪቦርዱ ግን አይታዘዝም። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ወደ ጓዳ ይዞት ገብቶ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና፣ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ አለኝ፤ አብሽሩ ጋሼ፣ ነገ ይወስዱታል» አለኝ። ማዘርቦርድ ማለት የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚገናኙበት ዋናው ሰሌዳ ነው። አምኜ ከፈልኩ፤ ደረሰኝም አልጠየቅሁም። ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን ሠርቶ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያው ምልክት ላይ ቆመ።

ኮምቦልቻ በጥገና ሥራ ላይ ያለው የእህቴ ልጅ እሑድ መጥቶ ክዳኑን ሲከፍት፣ በመጀመሪያ ያሳየኝ ማዘርቦርዱ የታሰረባቸውን ብሎኖች ነበር። ቦርዱ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ብሎኖቹ ሁሉ መፈታት ነበረባቸው፤ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ ግን የቆየ አቧራ እንደ ባዘቶ ተጋግሮበት ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሁለት የነበረው ሜሞሪ (ራም የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዘው ክፍል) አንድ ብቻ ቀርቶ፣ ባለ 4 ጊጋባይቱ መነቀሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ምርመራ ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነው። ፕሪንተሩንና ፍላሹን ሁሉ ነቅሎ ሞከረ፤ ለውጥ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬት አውጥቶ ፋይሎች የሚቀመጡበትን የሃርድ ዲስክ ገመዶች ነቀለና እንደገና ሲያበራው፣ ኮምፒውተሩ ምልክቱን አልፎ «ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት አሳየ። ዲስኩን በሌላ ገመድ መልሶ ሲያገናኘው ዳግመኛ ደረቀ። ማዘርቦርዱ ደህና ሆኖ ችግሩ ዲስኩ ላይ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው፤ ለሁለት ቀን የሠራውም ስለተጠገነ ሳይሆን፣ እየደከመ ያለ ዲስክ አንዳንድ ጊዜ ስለሚነበብ ነበር። ፋይሎቼን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከገለበጠልኝ በኋላ ኤስኤስዲ በሚባለው፣ የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ዲስክ ተካው።

በእርግጥ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ መድረቅ ሁልጊዜ ከዲስክ አይመጣም። ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ እሷን ለመቀየር ማዘርቦርድ መግዛት አያስፈልግም። ሜሞሪው በአቧራ ምክንያት በደንብ አልገጠመም ይሆናል፤ አንድ በአንድ አውጥቶ መሞከር ይበቃል። ቦርዱ ላይ የቆሙት ትንንሽ ሲሊንደር መሰል ካፓሲተሮች አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ይገባዋል፤ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ግን ባለሙያው ስለ ቦርዱ የሚናገረው እውነት ሊሆን ይችላልና አብራችሁት እዩት። የሚደርቀው ምልክቱን ካለፈ በኋላ ዊንዶውስ ሲነሳ ከሆነና በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ በሚነሳበት መንገድ) በደንብ የሚገባ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የድራይቨር (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ወይም የሌላ ፕሮግራም ነው።

አጥብቄ የምለምናችሁ፣ «ፎርማት እናድርገው» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ ፋይላችሁ ሳይገለበጥ እሺ እንዳትሉ ነው። የሰው መመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር መዝገብ፣ የውል ሰነድ የያዘ ዲስክ አንዴ ከተደመሰሰ በኋላ የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው። ኮምፒውተሩን ከማስረከባችሁ በፊትም የሜሞሪውን መጠንና የዲስኩን መለያ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ተቀየረ የተባለውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልሱላችሁ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፤ ደረሰኝም ሳትቀበሉ አትውጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ሆኖም ደረሰኝ የሌለው ሰው መግዛቱን ራሱ ማስረዳት ይቸግረዋል።

እኔንም የገጠመኝ ይኸው ነው። ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ ጥገና ቤቱ ተመልሰን ብሎኖቹን ስናሳያቸው፣ ሜሞሪው «በስህተት ቀርቶ ነው» ተብሎ ከመሳቢያ ወጥቶ ተሰጠኝ። ስለ 4,500 ብሩ ግን «ማዘርቦርዱን ቀይረናል» ከሚለው ቃላቸው ፈቀቅ አላሉም፤ ገንዘቡም እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።