ለፕሮፌሰር አሊ ማዝሩዪ ምስጋና፣ ለፖለቲካ ተንታኞችና ለመምህራን ጥቆማ

የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ስለሆንኩና አልፎ አልፎም በሬዲዮ ውይይቶች ላይ ሐሳብ እንድሰጥ ስለምጋበዝ፣ ለሕዝብ መናገርን ከማንም በላይ ያስተማሩኝን ሰው በይፋ ማመስገን ይገባኛል ብዬ አምናለሁ። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ኬንያዊው ምሁር ፕሮፌሰር አሊ ማዝሩዪ ናቸው። ድምፃቸውም ጽሑፋቸውም ዛሬ ለሚፈልጋቸው ሁሉ ስለሚገኙ፣ ይህን የምጽፈው ሌሎችም እንዲጠቀሙባቸው ለመጠቆም ጭምር ነው።

ማዝሩዪ እ.ኤ.አ. በ1933 በሞምባሳ ተወለዱ፤ አባታቸው የኬንያ ዋና ቃዲ ነበሩ። በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ያመጡት ውጤት ዝቅተኛ ስለነበር በወጣትነታቸው በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ወደሚገኘው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አልቻሉም፤ በኋላ ግን በማንቸስተር፣ በኮሎምቢያና በኦክስፎርድ ተምረው በዚያው በማኬሬሬ የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆኑ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው ያለፍኩበት ዓመት የለም።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከካምፓላ ዘመናቸው ነው። ክዋሜ ንክሩማህ እ.ኤ.አ. በ1966 በመፈንቅለ መንግሥት ከወረዱ በኋላ፣ ማዝሩዪ በዚያ ከተማ ይታተም በነበረው ትራንዚሽን መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰውየው ለአፍሪካ አንድነት ያደረጉት አስተዋጽኦ ታላቅ እንደሆነ፣ በገዛ አገራቸው በጋና ላይ የዘረጉት አገዛዝ ግን በዚያው መጠን ሊመሰገን እንደማይችል ተከራከሩ። ጽሑፉ የንክሩማህን አድናቂዎች ክፉኛ አስቆጣ። እኔ የማደንቀው ድፍረቱን ብቻ አይደለም። አንድን መሪ በሁለት ሚዛን መዝኖ፣ አንዱ ሚዛን ሌላውን እንዲሸፍነው ሳይፈቅዱ ሁለቱንም ውጤት ለአንባቢ ማቅረብ እጅግ ከባድ ሥራ ነው፤ በተለይ አድማጩ ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናጋሪው ደጋፊ ነው ወይስ ተቃዋሚ የሚለውን ለማወቅ በሚቸኩልበት ጊዜ።

በኢዲ አሚን አገዛዝ ሥር በነፃነት መሥራት ስላልተቻለ እ.ኤ.አ. በ1973 ዩጋንዳን ለቀው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ በመጨረሻም በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በዓለም አደባባይ ጎልተው የታወቁት ግን በመገናኛ ብዙኃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ቢቢሲ በየዓመቱ በሚያስተላልፈው የሪዝ ንግግር መድረክ ላይ ስለ አፍሪካ ሁኔታ ስድስት ንግግሮችን አቀረቡ። የመጀመሪያው የተመሠረተበት ሐሳብ፣ የሰው ልጅ ቀዳሚ መኖሪያ እንደሆነች የሚታመነው አህጉር ለሰው ኑሮ በእውነት የምትመች ለመሆን ግን የመጨረሻዋ መሆኗ ነው። ሉሲ ከሐዳር የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነበርና፣ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህ ሐሳብ ሩቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በቢቢሲና በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የተላለፈውን ዘጠኝ ክፍል ያለው ተከታታይ ዝግጅት ጽፈው በራሳቸው አቀራረብ ለተመልካች አደረሱ። አፍሪካ የነባሩ ባህል፣ የእስልምናና የምዕራቡ ዓለም የሦስትዮሽ ውርስ ባለቤት ናት የሚለው ትንታኔ የዝግጅቱ ምሰሶ ነበር። ዝግጅቱ ምዕራባውያንን አለአግባብ ይወቅሳል ያሉት የአሜሪካ ብሔራዊ የሰብአዊ ጥናቶች ድጋፍ ተቋም ኃላፊ ሊን ቼኒ፣ የተቋማቸው ስም ከድጋፍ ሰጪዎች ዝርዝር እንዲወጣ አድርገዋል። ማዝሩዪ ግን ትንታኔያቸውን አላለዘቡም።

ሁሉንም ሐሳባቸውን እቀበላለሁ ማለቴ አይደለም። በሪዝ ንግግራቸው የአፍሪካ አገሮች የኑክሌር አቅም ቢገነቡ ኃያላኑ ደንግጠው ለዓለም አቀፍ ትጥቅ መፍታት ይነሣሣሉ ብለው ያቀረቡት ክርክር አደገኛ ይመስለኛል። የሦስትዮሽ ውርሱም ወደ እኛ ሲመጣ እንደገና መታሰብ አለበት፤ ክርስትና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ሲገባ ቅኝ ገዥ ተከትሎ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞችም በ7ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ጥገኝነት ፍለጋ ነው። ሆኖም ማዝሩዪ ክርክራቸውን ደረጃ በደረጃ አስረድተው ስለሚናገሩ፣ የማይስማማ ሰው የትኛው እርከን ላይ እንደተለያቸው በግልጽ ያውቃል። እኔም ከእሳቸው ወስጄ፣ ሬዲዮ ላይ ከመቅረቤ በፊት የማልስማማበትን ወገን ጠንካራውን መከራከሪያ አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ይህን ልማድ ስላወረሱኝ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን በአማርኛ ፖለቲካን ለምትተነትኑ፣ የውይይት ዝግጅት ለምትመሩና ለምታስተምሩ ሁሉ የምጠቁመው ከሪዝ ንግግሮቹ እንድትጀምሩ ነው። ቢቢሲ የድሮ ንግግሮችን ባስቀመጠበት ማኅደር ድምፁም ጽሑፉም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ እንግሊዝኛቸው የተብራራና ያልተቸኮለ ስለሆነ፣ ጽሑፉን እያዩ ማዳመጥ ለተማሪ ይበልጥ ይጠቅማል። መምህራን በክፍል ውስጥ ስታሰሙት ስለ ኑክሌር የተናገሩበትን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት፤ በእኔ ክፍል ተማሪዎች ማስረጃ ይዘው እርስ በርስ የተሟገቱት በእሱ ላይ ነው።