«ትሮፒካል» ነው ወይስ ውሃ የገባበት? የአሮጌ ሰዓት እርጅናዎች ሲነጻጸሩ

በፊት «ትንሽ ወይቧል እንጂ ይሠራል» ተብሎ ዋጋ ይቀነስለት የነበረ ሰዓት ዛሬ በቴሌግራም «ትሮፒካል ፊት፣ ማሽኑ ያልተፈታ፣ ብርቅዬ» እየተባለ ዋጋ ይጨመርበታል። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ ለሰብሳቢ የሚቀርቡት ያረጁ ሲኮዎች፣ የደርግ ዘመን የሩሲያ ሰዓቶች፣ አልፎ አልፎም ኦሜጋና ቲሶት ናቸው። ያው ሰዓት ነው፤ ጉዳቱ ግን አዲስ ስም ወጥቶለታል።

ስሞቹ ከባዶ ሜዳ አልመጡም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ጥቁር ፊት ያላቸው ሮሌክስና ኦሜጋ ሰዓቶች አንዳንዶቹ በፀሐይ ብዛት ወጥ ቡናማ ሆነዋል፤ «ትሮፒካል» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በጄኔቫና በኒውዮርክ ጨረታዎች ላይ እነዚህ ካልተለወጡት ይበልጥ ይፈለጋሉ። ክፋቱ ቃሉ ከዚያ ተነሥቶ ጣና ዳር እርጥበት የበላው ሰዓት ላይ መለጠፉ ነው።

ሁለቱን የምንለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ጉዳቱ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው? ፀሐይ ያጠወለገው ቀለም ሰዓቱ ከፀሐይ ሲርቅ በዚያው ይቆያል። ዝገት፣ ናስ ላይ የሚወጣ አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ነገርና የሚላጥ ቫርኒሽ ግን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላም ሥራቸውን አያቋርጡም።

ቡናማ ፊትና ውሃ የነካው ፊት

እውነተኛው ትሮፒካል ፊት ወጥ ነው። ቀለሙ ከመሐል እስከ ጠርዝ አንድ ዓይነት ነው፤ ቢለያይም ቀስ እያለ ይሸጋገራል። የታተሙት ፊደላት ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ ላዩም ለስላሳ ነው።

ውሃ የነካው ፊት ዳርቻ አለው። ስኒ ጠረጴዛ ላይ እንደሚተወው የቡና ክብ ጠርዙ ይጠቁራል፣ መሐሉ ይፈዛል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሙያው በኩል፣ 3 ቁጥር አጠገብ፣ ወይም መስታወቱ ከቀፎው በሚገጥምበት ዙሪያ ነው፤ ውሃ የሚገባው በእነዚህ በኩል ነውና። ቀለሙ እንደ ብጉር ካበጠ ከሥሩ ያለው ናስ እየተበላ ነው፤ ይህን በምንም ስም ቢጠሩት ዋጋ የሚጨምር ነገር አይደለም።

10 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ ይያዙና ቆጣሪዎቹ መሐል ላይ የሚተከሉበትን ቦታ ይዩ። ከደቂቃ ቆጣሪው ሥር እንደ በርበሬ ብናኝ የደቀቀ ቀይ ዱቄት ካለ ዝገት ነው። ያኔ ጀርባው ሳይከፈት ዋጋ አይነጋገሩ። ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የመሙያው ዘንግና በዙሪያው ያሉት ትናንሽ ሞላዎች ናቸው፤ ቀጥሎም የብሎኖቹ ራስ። ዝገቱ ዘንጉ ላይ ብቻ ከሆነ ዘንጉ ይቀየራል። እንደ ፀጉር የቀጠነው የባላንሱ (ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ) ሞላ ላይ ወይም የጥርሳም ጎማዎቹ ዘንግ ላይ ከደረሰ ግን ሰዓቱ ለመለዋወጫ ካልሆነ አይገዛም።

ፎቶ ብቻ አይቶ ቀብድ መክፈልም አደገኛ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር የተነሣ የደበዘዘ ጥቁር ፊት ቡናማ ይመስላል። ሻጩን «በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ነጭ ወረቀት አጠገብ አድርገህ አንሣልኝ» ይበሉት። ወረቀቱም ቢጫ ሆኖ ከመጣ ቡናማነቱ የመብራቱ ነው።

እርጥበት አሁንም ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት ያህል አስረው ያሙቁት፤ ከዚያ መስታወቱ መሐል ላይ አንዲት ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ አድርገው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይጥረጉ። ከመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ጉም ካዩ ውሃው አልወጣም። ጠብታዋ ወደ ጠርዝ እንዳትፈስ ይጠንቀቁ።

«ሸረሪት ድር» የሚባለው ሌላ ነው፤ የፊቱ ቫርኒሽ ሲሰነጣጠቅ የሚፈጠር መስመር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንጸባራቂ የሮሌክስ ፊቶች ላይ በብዛት ይታያል። ስንጥቁ ቀጭንና ጠፍጣፋ ከሆነ አብሮት መኖር ይቻላል። ጠርዞቹ ወደ ላይ ከተነሡ ግን ፍርፋሪው ይረግፋል፣ ማሽኑ ውስጥም ይገባል።

ጉዳት ያለበት ኦሪጅናል ፊትና እንደገና የተቀባ ፊት

እዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፦ የወየበ ኦሪጅናል ፊት ከሚያብረቀርቅ ቅብ ፊት ይሻላል። የተቀባው ፊት የደቂቃ መስመሮቹ ከቁጥሮቹ ጋር አይገጥሙም፤ ፊደላቱ ይወፍራሉ፤ ከ6 ቁጥር ሥር መኖር ያለበት ደቃቅ ጽሑፍ ይጠፋል። ሲኮ ከሆነ ከጀርባው የተጻፉት የመጀመሪያ አራት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 6119 ወይም 7009፣ የማሽኑ መለያ ናቸው፤ ፊቱ ግርጌ ባለው ደቃቅ ጽሑፍ ላይም ያው መሆን አለባቸው። ከተለያዩ ሰዓቱ ከሁለት ሰዓቶች የተገጣጠመ ነው። የተከታታይ ቁጥሩ የመጀመሪያ አኃዝ የተሠራበትን ዓመት (እ.ኤ.አ.) የመጨረሻ አኃዝ፣ ሁለተኛው ወሩን ያሳያል። ደማቅ ብርቱካንማና ሰማያዊ ፊት ያላቸው ብዙ ሲኮዎች ሕንድ ውስጥ እንደገና የተቀቡ ስለሆኑ «ፋብሪካ ቀለም» ሲባሉ ቶሎ አይመኑ።

ክሬም የመሰለው የሚያበራ ቀለም

ሻጩ «ፎስፈረሱ ዕድሜው ያሳመረው» ይላል። በነጥቦቹና በቆጣሪዎቹ ላይ የተቀባው በአብዛኛው እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ራዲየም፣ ከዚያ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ትሪቲየም ነበር፤ ሁለቱም ጨረር የሚያወጡ ናቸው፤ በኋላ ጨረር የሌለው ቀለም ተተካ። የትሪቲየም ኃይል በየ12 ዓመት ከ4 ወሩ በግማሽ ስለሚቀንስ የ1970ዎቹ ሰዓት ዛሬ በጨለማ ማብራት የለበትም። የሚያበራ ከሆነ ቀለሙ በኋላ ጊዜ እንደገና የተቀባ ነው ማለት ነው፤ ክሬም ቀለሙም ሆን ተብሎ የተደባለቀ ሊሆን ይችላል።

ሱቆች የብር ኖት የሚያረጋግጡበት ሐምራዊ መብራት እዚህ ይጠቅማል። ሰዓቱን ለጥቂት ሰኮንድ ያብሩበትና ያጥፉት። አሮጌው ትሪቲየም ቢበራም ወዲያው ይጠፋል፤ አዲሱ ቀለም ለደቂቃዎች ይቆያል። የፊቱ ነጥቦችና የቆጣሪዎቹ ቀለም ከተለያዩም ቆጣሪዎቹ ተቀይረው ሊሆን ይችላል።

ራዲየም ግን የተለየ ነገር ነው። ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ይፈጅበታል። ማብራቱን ያቆመው ከእሱ ጋር የተደባለቀው አብሪ ንጥረ ነገር ተቃጥሎ ስላለቀ ነው፤ ጨረሩ አለ። ቆጣሪው ለዓመታት ቆሞበት ፊቱ ላይ የተወው ቡናማ ጥላ «ውበት» እየተባለ ይሸጣል፤ በእርግጥም የኦሪጅናልነት ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት መስታወቱን አይክፈቱ፣ ቀለሙን አይፋቁ፣ ልጆች እንዲይዙት አይፍቀዱ። ብናኙ በተለይ በትንፋሽ ወይም በአፍ ወደ ሰውነት ሲገባ ይጎዳል።

የተጫረ ቀፎና የተወለወለ ቀፎ

የተጫረው ይበልጣል። ጭረት የቆመ ጉዳት ነው፤ ውልወላ ግን ብረቱን ላይመለስ ያነሣዋል። ማሰሪያው የሚታሰርባቸውን አራት ቀንዶች ከላይ ሆነው ያነጻጽሩ፦ እኩል ናቸው? ጠርዛቸው ስለታም ነው ወይስ እንደ ሳሙና ተሟሟ? የፕላስቲክ መስታወት ጭረት ምንም አያስጨንቅም፤ ተወልውሎ ወይም ተቀይሮ ያልቃል።

ወርቅ ቅብ ላይ «ዕድሜ ያሳየው» የሚባለው ከሥሩ ናሱ ብቅ ማለቱ ነው። ጀርባው ላይ 10 ወይም 20 ሚክሮን የሚል ካለ የቅቡ ውፍረት ነው፤ 20ው ይቆያል። ማዕዘኑ ብቻ ተልጦ ደረቅ ከሆነ መልበስ ይቻላል። አረንጓዴ ከወጣበት ላብ እየበላው ነው፤ ቆዳንም ያሳክካል።

«ማሽኑ አልተፈታም»

መኪና ሲሸጥ «ሞተሩ አልተፈታም» ማለት ሙገሳ ስለሆነ ሰዓት ላይም እንደዚያው ይሰማል። ሰዓት ግን በዘይት ነው የሚሠራው፤ ዘይቱ በዓመታት ይደርቅና እንደ ሙጫ ይሆናል። ደርቆ ሲሠራ የጥርሳም ጎማዎቹ ዘንግ ጫፎች ከሚሽከረከሩባቸው ሩቢ ድንጋዮች ጋር እየተፋጩ ያልቃሉ። ጀርባው ሲከፈት ቀያዮቹ ድንጋዮች ዙሪያ ጥቁር ቅሬታ ካለ ፍጨታው ጀምሯል። ስለዚህ 30 ዓመት ያልተፈታ ሰዓት መጀመሪያ መፈታት፣ መታጠብና ዘይት መቀባት አለበት። የዚህን ዋጋ ከሚያምኑት ሰዓት ሠሪ ቀድመው ይጠይቁና ከሻጩ ዋጋ ላይ ያስቀንሱ።

ከመግዛትዎ በፊት ሰዓቱን አንድ ቀን ሙሉ ይልበሱት፤ ማታ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡና ከስልክዎ ሰዓት ጋር ያስተያዩ። በደንብ የተሞላ ማሽን ብዙውን ጊዜ ከ36 እስከ 40 ሰዓት ይሄዳል። የሰዓት ድምፅ የሚለካ የስልክ መተግበሪያ ካለዎት የባላንሱን ውዝዋዜ ይዩ፦ ከ270 እስከ 300 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ሲኮ ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ከ200 በታች ከሆነ ማሽኑ ተጨንቋል። ሲኮ 6119 እና 7009 በመሙያው ስለማይሞሉ «መሙያው አይሞላም» ብለው ጥሩ ሰዓት እንዳይተዉ፤ የሚሞሉት በእጅ እንቅስቃሴ ነው።

ከገዙ በኋላ

ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይ ባሕር ዳር ላይ፣ የቆመ የሚመስለው ጉዳት እንደገና ሊነሣ ይችላል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ሰብስበው ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ከሰዓቶቹ ጋር ያስቀምጡ፤ ሁለት ሦስት ከረጢት ጥቂት ሰዓቶችን ለያዘ ቆርቆሮ ይበቃል፤ ክረምቱ ሲጋመስም በአዲስ ይተኩ። ከእንጨት ሳጥን ውስጥ ከልብስ ጋር አያጭቁት። ራዲየም ያለበትን ለብቻው፣ አየር በሚገባበትና ሰው በማይተኛበት ክፍል ያኑሩት።