ቱሉ ዲምቱ ላላችሁ ወላጆች፦ ልጄን እንግሊዝኛ ማንበብ ያስጀመረችውን መምህርት ልጠቁማችሁ

ሰላም ጎረቤቶቼ። ቱሉ ዲምቱና ዙሪያውን የምትኖሩ፣ ኬጂ የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አንዲት መምህርት በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሟን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ ራሷ ለምናኛለች። ልጆቹ "ሚስ" ነው የሚሏት፣ እኔም እንደነሱ ልጥራት።

ሚስ የኬጂ አስተማሪ ነበረች። አሁን እዚሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ግራውንድ ላይ ባለው ቤቷ፣ ትንንሽ ልጆችን እንግሊዝኛ ማንበብ ታስጀምራለች። በአንድ ጊዜ ከስድስት ልጅ በላይ አትቀበልም። ትምህርቱ ግማሽ ሰዓት ነው። "ከዚያ ካለፈ የአምስት ዓመት ልጅ ልቡ አብሮኝ አይቆይም" ትላለች።

ልጄ እሷ ጋ ሲሄድ ኤቢሲዲን ከዳር እስከ ዳር ይዘፍን ነበር። መጽሐፉንም ገጽ በገጽ ይወጣዋል። ለሰማው ሰው ያነባል ያሰኛል። ሚስ የመጀመሪያው ቀን መጽሐፉን ተቀበለችውና ስዕሉን በመዳፏ ሸፈነችው። "እስቲ አሁን አንብብልኝ" አለችው። ዝም አለ። ለካ ሲያነብ የቆየው ፊደሉን ሳይሆን ስዕሉን ነው። አልተቆጣችም፣ እኔንም አላሳቀቀችኝም። "ጎበዝ ነህ፣ ይህን ሁሉ በቃልህ ይዘኸዋል። አሁን ደግሞ ፊደሎቹ ምን እንደሚሉ እንስማ" አለችው።

ሚስ የምትጀምረው ከፊደሉ ስም ሳይሆን ከድምጹ ነው። ልጅ "ኤስ፣ ኤ፣ ቲ" ብሎ ስማቸውን ቢደረድር "ሳት" የሚል ቃል አይወጣለትም። "ስ"፣ "አ"፣ "ት" ብሎ ድምጻቸውን ሲያከታትል ግን ቃሉ ራሱ ይመጣል። ፎኒክስ የሚሉት ዘዴ ይኸው ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ይሁን እንጂ ድምጹ ወደ 44 ይደርሳል። ስለዚህ ሁሉንም ባንዴ አትጭንባቸውም። መጀመሪያ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ፒ እና ኤን ብቻ። በእነዚህ ስድስት ፊደሎች ሲት፣ ፒን፣ ታፕ፣ ናፕ፣ ቲን፣ ፓን እየተባለ ብዙ ቃል ይገጣጠማል። ልጁ ገና ከጅምሩ ቃል ያነባል። ማንበብ ምን እንደሆነ የሚገባውም ያኔ ነው።

ከሁሉ የወደድኩላት በገዛ ፊደላችን የምትጠቀምበትን መንገድ ነው። ብዙ ቦታ ልጆች የቲን ድምጽ "ተ"፣ የፒን ድምጽ "ፐ" እያሉ ነው የሚለማመዱት። እንደዚያ ሲሆን "ታፕ" የሚለው ቃል "ተ አ ፐ" ይሆንና አልገጣጠም ይላል። ሚስ ሳድሱን ትይዛለች። ስ፣ ት፣ ፕ፣ ን። ሀ ሁ የቆጠረ ልጅ ሳድሱ አፉ ላይ አለ፤ አጠር አድርጎ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው። የሚቸግራቸው አናባቢው ነው። "ካት" ሲባል፣ ድመቷን ማለቴ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ድምጽ በአማርኛ በትክክል የለም። በአ እና በኤ መካከል ነው። እዚያ ላይ መስታወት ታመጣና አፋቸውን ሰፋ አድርገው ሲከፍቱ ራሳቸውን እንዲያዩ ታደርጋለች። መቁረጥ የሚለው "ከት" ላይ ያለው ዩ ግን ከእኛው ግዕዝ፣ "ከ" ከምንለው ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ወዲያው ይይዙታል። ፊደል መቁጠርና እንግሊዝኛ ይጋጫሉ ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ እሷ ጋ አንዱ ለሌላው ሲያግዝ በዓይኔ አይቻለሁ።

መሣሪያዋ ቆርኪ ነው። ከሱቅ የለቃቀመችው የለስላሳ ቆርኪ፣ ውስጡ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ አንዳንድ ፊደል በማርከር ተጽፎበታል። ልጁ ሦስቱን አራርቆ ይደረድራል። በጣቱ እየነካ የየአንዳንዱን ድምጽ ያወጣል። ከዚያ ቆርኪዎቹን ገፋ ገፋ እያደረገ ሲያጋጥማቸው ድምጹንም አብሮ ያጋጥማል። ቢ እና ዲ የሚያምታቱ ልጆች ደግሞ ሁለት እጃቸውን ጨብጠው አውራ ጣታቸውን ያቆማሉ። ግራው ቢ፣ ቀኙ ዲ ይሆናል፤ ሲጋጠሙ "ቤድ" የሚለውን ቃል፣ አልጋውን ራሱን ይሠራሉ። ልጄ አሁንም ሲጠራጠር ጠረጴዛ ሥር እጁን ጨበጥ ሲያደርግ አየዋለሁ።

አንድ ቀን ልብስ ላጥብ ሰንላይት ሳሙና ስፈታ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደው። "ስ... ኧ... ን... ሰን!" አለ። ማንም አላስጠናውም። እኔ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ "ላይት" ላይ ደረሰና ጂ እና ኤች አላሳልፍ አሉት። ተጽፈዋል፣ ግን አይሰሙም። ለሚስ ስነግራት በጣም ደስ አላት፤ "ላይትን ግን እንዳትነግሪው፣ ጊዜው ሲደርስ አብረን እናገኘዋለን" አለችኝ። አለመቸኮሏን እወድላታለሁ።

ወላጆችን አንድ ነገር አጥብቃ ትመክራለች። ቤት ውስጥ በምታውቁት ቋንቋ አውሯቸው፣ ተረት ንገሯቸው ትላለች። ብዙዎቻችን "ከም ሂር"፣ "ሲት ዳውን" እያልን ልጅ የምናሳድገው ለነገው አስበን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወላጅ ቢጨነቅ አይገርምም። እሷ የምትለው ግን በአፍ መፍቻው ብዙ ቃልና ብዙ ወሬ የሰማ ልጅ፣ በኋላ የሚያነበውንም ቶሎ ይረዳል ነው። እውነቷን ነው።

ደብተር ሞልቶ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ግን ሚስ ለእናንተ አትሆንም፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ብዙ አታጽፍም። ልጄ ቀድሞ በነበረበት ቦታ ገጽ ሙሉ ገልብጥ እየተባለ ጣቱ እስኪዝል ይጽፍ ነበር። የጻፈውን አንብብ ያለው ግን አልነበረም።

ጥሩ አስጠኚ ሲባል ሁሌ የሚጠቆመን ቦሌና መገናኛ ነው። ከዚህ ዳር ተነስቶ፣ ትንሽ ልጅ ይዞ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሚስ እዚሁ ደጃችን ላይ ናት። ክፍያዋም እንደየቤቱ ነው። ሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምታሳድግ እናት ልጅ ከእኔ ልጅ ጎን እኩል ተቀምጦ ይማራል፤ እናቱን "ሲኖርሽ ትሰጪኛለሽ" ብላታለች። የምትችሉ ሰዎች እባካችሁ ዋጋ ላይ አትከራከሯት።

ሚስ፣ እጅሽ ይባረክ። ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልሽ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሚማሩ አዲስ ምድብ ልትጀምር ነው። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያሉትን ትቀበላለች፤ አንድም ፊደል የማያውቁ ቢሆኑ ችግር የለም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እልክላችኋለሁ። ልጆቻችሁ ያለፏቸው የሕፃናት መጻሕፍት ቤት ውስጥ ካሏችሁም፣ የአማርኛም የእንግሊዝኛም፣ ይዛችሁላት ሂዱ። መደርደሪያዋ ላይ ገና ብዙ ቦታ አለ።