ሜሪላንድ ውስጥ ክሊኒንግ የምትሠሩ፣ ይህችን አካውንታንት እወቁልኝ

እኔና እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ የክሊኒንግ ሥራ አለን። ለረጅም ጊዜ የምናጸዳው የሰው ቤት ብቻ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ መኖሪያ ቤት ማጽዳት ሴልስ ታክስ (ከደንበኛ ተሰብስቦ ለስቴቱ የሚገባ የሽያጭ ታክስ) የለበትም። ኢንቮይሳችን ላይ ዋጋውን እንጽፋለን፣ ደንበኛው ይከፍላል፣ አለቀ።

ከዚያ አንዲት የቤት ደንበኛችን የጥርስ ክሊኒኳንም እንድናጸዳላት ጠየቀችን፤ በወር 2,000 ዶላር። በጣም ደስ አለን። ያማከርነው ሰው ሁሉ «ሰርቪስ ታክስ የለውም፣ ዝም ብላችሁ ፈርሙ» አለን። እህቴ ግን ከመፈረማችን በፊት ኮንትራቱን ይዛ አካውንታንታችን ጋ ሄደች። እግዜር ይስጥልን፣ ያቺ ሴት አዳነችን።

መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሕንፃው ነው። ሜሪላንድ ብዙ አገልግሎቶችን ከሴልስ ታክስ ነፃ አድርጋለች። የንግድና የኢንዱስትሪ ሕንፃ ማጽዳት ግን በሕጉ ላይ ተለይቶ የተጻፈ ነው፤ 6 በመቶ ይከፈልበታል። ሠራተኛው ያው፣ መወልወያው ያው፣ የገባንበት ቦታ ግን ሌላ። በወር 120 ዶላር ማለት ነው። ከደንበኛዋ ሳንሰበስብ ብንቀር ስቴቱ ከእኛው ይጠይቃል። በዓመት 1,440 ዶላር ለሁለት እህትማማቾች ቀልድ አይደለም።

የቤቱንና የክሊኒኩን ዋጋ በአንድ ድምር ጽፈነው ነበር። እስክሪብቶዋን አንስታ መሀሉን ከፈለችው። ከላይ ቤቱ፣ ታክስ የሌለው። ከታች ክሊኒኩ፣ ከሥሩ ደግሞ ታክሱ ለብቻው። ደንበኛችን «የበፊቶቹ ይህን አያስከፍሉኝም ነበር» ስትል አካውንታንታችን ራሷ ደውላ በትህትና አስረዳቻት። ለዚያ ስልክ ሳንቲም አልጠየቀችንም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የዕቃው ነገር ነው። ቤት ማጽዳት ከታክስ ነፃ ነው ማለት እኛ ታክስ አንከፍልም ማለት አይደለም። በረኪናውን፣ ጓንቱን፣ ቫክዩሙን የምንጠቀምበት እኛ ነን፤ ለሰው አንሸጠውም። ስለዚህ መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው ታክስ እንዳይከፍል ለሻጭ የሚሰጠውን የሪሴል ሰርተፍኬት ለዚህ መጠቀም አንችልም፤ ስንገዛ 6 በመቶውን እንከፍላለን። ከሌላ ስቴት ኦንላይን አዘን ሻጩ ታክስ ካልጨመረ፣ ዩዝ ታክስ ብለን ራሳችን አስታውቀን እንከፍላለን። ቤት የምታጸዱ እህቶቼ፣ ይህን ወጪ ዋጋችሁ ውስጥ ካላስገባችሁት ከትርፋችሁ ላይ ነው የሚሄደው። እሷ ቁጭ ብላ የየቤቱን ዋጋ አብራን እንደገና ሠራችው።

የሴልስ ታክስ ፈቃዱንም ከኮምፕትሮለሩ ቢሮ (የስቴቱን ታክስ ከሚሰበስበው መሥሪያ ቤት) አወጣችልን። ፈቃዱ በነፃ ነው፤ ለእሱ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ ተጠንቀቁ። ወር በገባ እስከ 20ኛው ቀን ሪፖርት መግባት እንዳለበት፣ ፈቃድ ከወጣ በኋላ ምንም ባይሸጥ እንኳ ዜሮ ተብሎ እንደሚሞላ ነገረችን። ታክስ የማይከፍል የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ ከሰጠን ከታክስ ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን ሰርተፍኬት ኮፒ ሳንይዝ ታክሱን እንዳናስቀር አስጠነቀቀችን። ቨርጂኒያ ተሻግራችሁ ቢሮ ብታጸዱ ደግሞ ሴልስ ታክስ የለበትም፤ ዲሲ የራሷ ሕግ አላት። የአንዱን ስቴት ሕግ ለሌላው አትጠቀሙ ትላለች።

ብዙዎቻችን አካውንታንት የምናየው በኤፕሪል ብቻ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ከኮንትራት በፊት የምታማክሩት ሰው ነው የሚጠቅማችሁ። እሷ በአማርኛ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታሸማቅቅ ታስረዳለች። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀችኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የደንበኞቻችሁን ዝርዝርና የዕቃ ደረሰኞቻችሁን ያዙ። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ሥራ ስለሚበዛባት ከዚያ ውጪ ቀጠሮ ብታስይዙ ይሻላል።