የተጣሉትን ዓይኖች ላስታረቁልኝ የከዚራው ሰዓት ሠሪ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። ያዘገዩኝ ተመስጋኙ ራሳቸው ናቸው። «ስሜን እንዳትጽፊ፣ ስልኬንም ለማንም እንዳትሰጪ፤ ወረፋ ከበዛ እጄ ይቸኩላል» ብለው አስማሉኝ። እጃቸው የሚቸኩል ሰው አይመስሉም፤ ቢሆንም ቃሌን እጠብቃለሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ትልቅ የኒም ዛፍ በሚያጠላባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰዓት የሚያድሱ አዛውንት ናቸው። «ሰዓት ሠሪው ጋሼ» ብሎ የጠየቀ አያጣቸውም። የእኔ ጉዳይ ግን የሰዓት ሳይሆን ወፍ የማይበት የርቀት መነጽር ነበር።

ሐረር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ሳምንቱን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፣ እሑድ ደግሞ ወፍ። ጎረቤቶቼ ሁለተኛውን ሥራዬን እስካሁን አልተቀበሉትም፤ «ወፍ ቆጥረሽ ማን ይከፍልሻል?» ይሉኛል። ነገሩ የጀመረኝ ጊድር መጋላ ሥጋ ተራ ነው። እዚያ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ሥጋ የያዘ ሰው የሚጠብቁትን ጭልፊቶች ሐረርን ያየ ሁሉ ያውቃቸዋል። አንድ ቀን የእኔን ግማሽ ኪሎ ከነፌስታሉ ወሰዱት። ተናድጄ ቀና ስል የአንዱ መንቁር ቢጫ፣ የጎረቤቱ ጥቁር ሆኖ አየሁት። ለካ ባለ ቢጫው የአገሩ ነው፤ ባለ ጥቁሩ የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ የመጣ እንግዳ ነው። (የአገሩም ቢሆን ገና ወጣት ሳለ መንቁሩ ጥቁር ነው፤ ያ ሌላ ራስ ምታት ነው።) በግማሽ ኪሎ ሥጋ የገዛሁት የመጀመሪያ ትምህርቴ ይህ ነበር።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በቫራንገር ፊዮርድ ዳርቻ፣ ቫድሶ በምትባል ከተማ ነው። በበጋቸው ለሁለት ወር ያህል ፀሐይ አትጠልቅም። እሷም በዚያ ዳርቻ ወፍ ታያለች፤ ከእኔ ቀድማ የጀመረችው እሷ ናት። በሰኔ የምታያቸው አንዳንድ ወፎች በመስከረም እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዷ በእንግሊዝኛ ሊትል ስቲንት የምትባለው፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፣ ጭቃ ዳር የምትለቅም ወፍ ናት። ከቫድሶ አካባቢ እስከ ሳይቤሪያ ባለው ዛፍ አልባ ሰሜናዊ ምድር ትፈለፍላለች፤ ብርዱ ሳይመጣ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች። ከቫድሶ እስከ ሐረማያ ሐይቅ በቀጥታ ቢለካ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እህቴ «የእኔን ወፎች በደንብ ያዢልኝ» እያለች ትቀልዳለች። ያገለገለች 8×30 የርቀት መነጽር ገዝታ የላከችልኝም ለዚሁ ነው፤ ስምንት እጥፍ የምታቀርብ፣ የፊት መስታወቷ ስፋት 30 ሚሊ ሜትር።

ያቺ መነጽር አምና ሐረማያ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ ማንገቻዋ ተበጥሶ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። አነሣኋት፣ አየሁባት፣ ምንም አልሆነችም ብዬ ተደሰትኩ። ከዚያ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ካየሁባት ግንባሬን ይወቅረኝ ጀመር። ትናንሾቹን ወፎች መለየት አቃተኝ፤ እግራቸው ጥቁር ይሁን ቢጫ፣ ጀርባቸው ዝንጉርጉር ይሁን ልሙጥ ሁሉም ይደበላለቅብኛል። አረጀሁ አልኩ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ዓይንሽ ጤነኛ ነው ተባልኩ። መነጽሯን ደግሞ አንድ ስሙን የማልጠራው ሱቅ ሰጠሁ፤ ላይ ላዩን ወልውለው ገንዘብ ተቀብለው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር እሑዶቼን ወደ ልብስ ማጠብ ልመልሳቸው ተቃርቤ ነበር። ድሬዳዋ የምትኖረው አክስቴ ናት «እኚህን ሰውዬ ሳታሳዪማ ተስፋ አትቁረጪ» ያለችኝ።

ጋሼ መነጽሯን ሲቀበሉኝ አልከፈቷትም። በር ላይ ቆመው ወደ መንገዱ ማዶ አዩባት። መጀመሪያ የቀኙን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ ቀጥሎ የግራውን። ከዚያ እኔን እንደዚያው አደረጉኝ።

«በቀኝሽ ይታያል?»

«ጥርት ብሎ።»

«በግራሽስ?»

«እሱም ጥርት ብሎ።»

«እንግዲያው ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ የተጣሉት እርስ በርስ ነው» አሉኝ።

በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ፕሪዝም የሚባሉ ሁለት የመስታወት ቁራጮች አሉ። እነሱ ባይኖሩ ዓለም ተገልብጣ ትታይ ነበር። አስፋልቱ ከእነዚህ አንዱን በፀጉር ስፋት ያህል አንሸራትቶታል። በዚህ የተነሣ ግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሎ ያያል። ዓይን ጎን ለጎን የተዛባውን በጥቂቱ ይታገሣል፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ሲል ግን ጡንቻው ሁለቱን ምስል ለማገናኘት ሲጎትት ይውላል። ግንባሬን ይወቅረኝ የነበረው ያ ነው። ወራት ሙሉ ራሴን ስወቅስ የከረምኩት በመስታወት ጥፋት መሆኑን ሳውቅ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ወልዋዮቹ ትዝ አሉኝና ተናደድኩ።

ሥራውን ሲጀምሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። ማጉያቸውን በቅንድባቸውና በጉንጫቸው መካከል ነክሰው፣ የቱቦውን ጥቁር ሽፋን በቀጭን ስለት ከጠርዙ አነሡ። ከሥሩ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብሎን ወጣች። ጭንቅላቷ ላይ የደረቀ ቫርኒሽ ነበር፤ በመርፌ ጫፍ ፈለፈሉት። የተያያዘ አሸዋ ስላዩ በላስቲክ መንፊያ አየር እየነፉ አባረሩ እንጂ በጨርቅ አልነኩትም። ሰውነታቸው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሁለት ጣት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሙያውን በልጅነታቸው የቀሰሙት ከአንድ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ እንደሆነ ያጫወቱኝም ያኔ ነው፤ ባቡር በ1895 ዓ.ም ከደረሳት ጀምሮ ድሬ ከየአገሩ የመጣ ባለሙያ አላጣችም።

ማስተካከሉን ግን በዚያው ቀን አልጨረሱትም። «በዚህ ፀሐይ አይሆንም፤ ሙቀቱ ሩቁን ነገር ያስጨፍረዋል። ንጋት ላይ ነይ፣ ልጄ» አሉኝ። አክስቴ ቤት ሳቢያን አድሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። መነጽሯን ወንበር ላይ አስረው፣ ሩቅ ወዳለ የስልክ ማማ አነጣጥረው ጠበቁኝ። አንድ ሩብ ዙር እንኳን አይሞላም፤ ብሎኗን ነካ ያደርጋሉ፣ ራቅ ብለው በሁለቱም ዓይናቸው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። የማማው አግዳሚ ብረት በግራውም በቀኙም እኩል ከፍታ ላይ ሲያርፍ «ነይ እስቲ» አሉኝ። አየሁ። ምን ልበላችሁ፣ አንድ ማማ ብቻ ነበር። ግንባሬ ጸጥ አለ።

ፈተናው በመስከረም መጨረሻ ሐረማያ ላይ ሆነ። ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደርቆ ከብት የተሰማራበት፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውኃው የተመለሰለት ነው። ጭቃው ላይ አሥራ አንድ ትናንሽ ወፎች ነበሩ። መንቁራቸውን የሚያነሡና የሚጥሉበት ፍጥነት በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች አስታወሰኝ። ጭቃ የነካው እግር ሁሉ ጥቁር ስለሚመስል አንዷ ውኃ ውስጥ እስክትገባ ጠበቅሁ። ስትወጣ እግሯ ታጥቦም ጥቁር ነው፤ ጀርባዋ ላይ ሁለት ነጭ መስመሮች ወደ ጅራቷ ወርደው ይገናኛሉ። ሊትል ስቲንት፣ ያውም ዘንድሮ የተፈለፈለች! ትልልቆቹ ቀድመው ስለሚነሡ ይህን ሁሉ አገር ያቋረጠችው እናት አባት መንገድ ሳያሳይዋት ነው። ከዳር ለብቻው የሚለቅም አንዱ ግን እግሩ ቢጫ ነገር፣ ጀርባው ልሙጥ ግራጫ ቡናማ ነበር። ቴሚንክስ ስቲንት የሚባለው ይህ ነው፤ እሱም የእህቴ አገር ሰው ነው። አምና ከሊትል ስቲንት ጋር አንድ አድርጌ ስቆጥረው ከርሜአለሁ ማለት ነው። ለእህቴ ወዲያው ጻፍኩላት። «የትኛው ሐኪም ነው ዓይንሽን ያዳነው?» አለችኝ።

ጉድለታቸውንም ልናገር፤ የምስጋና ጽሑፍ ሁሉ ማር ሲሆን አልወድም። መነጽሯን ስሰጣቸው «በሳምንት ነይ» ብለውኝ ሥራውን የጀመሩት በሦስት ሳምንቱ ነው። ሽፋኑን መልሰው ሲለጥፉ አንድ ጠርዙን ትንሽ አጣመውታል፤ ሥራውን አይነካም እንጂ ለዓይን ይታያል። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ዝግ ናቸው፤ የድሬን ሙቀት የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። የሚሠሩትም ቱቦው እንደ ትከሻ ወጣ ያለውን የቆየ ዓይነት ብቻ ነው። ቀጥ ያለውን አዲሱን ዓይነት ስታሳዩአቸው «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ሳይከፍቱ ይመልሳሉ፤ እኔ በበኩሌ ይህን ከሙያቸው እኩል አደነቅሁላቸው። ለማየት አያስከፍሉም። ለእኔ የጠየቁኝ 700 ብር ነው፤ ጨምሬ ብሰጣቸው ትርፉን ቆጥረው መለሱልኝ። የካሜራ ሌንስና የድሮ የግድግዳ ሰዓትም ይሠራሉ።

ከሐረር የምትሄዱ ሰዎች ማለዳ ውጡ፤ ወንበራቸው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አይገኝም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ እሳቸው ፊት የመነጽሩን መስታወት በነጠላችሁ ጫፍ እንዳትወለውሉ። እኔ ሞክሬ «ልጄ» ማለታቸውን ለግማሽ ቀን አቋርጠውብኝ ነበር።